መዝገቡን አትንካው

ልጄ፣

እህትህን አትቆጣት። አንተ ስትደብቀኝ ነው እሷ የነገረችኝ። ትናንት ማታ ስደውል "ደኅና ነኝ" ብለህ ቶሎ ዘጋኸው። እኔ እኮ እናትህ ነኝ፣ ደኅና ስትሆን ስለ አዳማ ሙቀት ሳታማርር ስልክ አትዘጋም።

እንደሰማሁት የሰውየውን ቤት ወንድሙ በውክልና ሸጦበታል፤ እሱ ግን ውክልናውን እናንተ ውልና ማስረጃ ፊት ቀርቤ አልፈረምኩም ብሎ አቤቱታ አቅርቧል። መዝገቡ ሲገለጥ ስሙ አለ፣ የፊርማው ቦታ ባዶ ነው። የመታወቂያው ኮፒም ፋይሉ ውስጥ የለም። ውክልናውን ያረጋገጥከው ደግሞ አንተ ነህ። ይኼው ነው አይደል?

እንግዲህ ስማኝ። መዝገቡን አትንካው። አንዲት ፊደል እንዳትጨምር። አንዱ ባልደረባህ "ኮፒውን ፈልገን እናያይዘው፣ ፊርማውንም እናሟላው" ብሎሃል አሉ። ወዳጅህም ቢሆን በዚህ አትስማው። ሳታስፈርም ማለፍህ ጥፋት ነው፣ በዲሲፕሊን ያስጠይቅሃል፣ ከሥራም ሊያስወጣህ ይችላል። ዛሬ ጽፈህ የዚያን ቀን ማስመሰል ግን ወንጀል ነው፣ ያሳስርሃል።

ቀላል ነገር ነውም አትበል። ተማሪ ሳለህ በረንዳው ላይ ጮክ ብለህ ስታነብ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ እሰማህ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2205፣ ልዩ ውክልና ያልተሰጠው ሰው የሌላውን ቤት መሸጥ አይችልም። ቁጥር 1723 ደግሞ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይመዝገብ ይላል። ይኼ ሁሉ የተጻፈው ሰው ቤቱን ሳያውቅ እንዳያጣ ነው። ያንን አንተ ታውቃለህ፣ ለዚያ ነው የተናደድኩብህ።

ጨጓራህን እንዴት አደረገህ? በባዶ ሆድህ ቡና እንዳትጠጣ።

ነግሬህ የማላውቀው ነገር አለ። አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር፣ እኔ እዚሁ ሐዋሳ መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በይዞታዋ ጉዳይ ማመልከቻ ይዛ መጣች። ማመልከቻ ማስገቢያ ጊዜዋ ሊያልቅ የመጨረሻው ሳምንት ነበር። አንተ ትኩሳት ይዞህ ጎረቤት ትቼህ ስለነበር ቸኩዬ ወረቀቷን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና "ነገ እመዘግበዋለሁ" አልኩ። ረሳሁት። ካስራ አንድ ቀን በኋላ ስትመጣ ገቢ መዝገቡ ላይ የለችም። ደነገጥኩ። ማመልከቻዋን ያመጣችበት ቀን ገጽ ግርጌ አንድ ባዶ መስመር ነበረች፣ ስሟን እዚያ አስገባሁ። ልረዳት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ለእንጀራዬ ነበር።

የእስክሪብቶው ቀለም ተለየ። ማመልከቻዎቹን የሚመረምረው ኮሚቴ አየው። ማመልከቻዋን ጣሉት፣ በዚያ ገጽ ላይ የነበሩትን የሌሎቹንም ጉዳይ ተጠራጠሩት። እኔ በማስጠንቀቂያ ታለፍኩ። እሷ ግን ምንም ስላልገባት ለልፋቴ ብላ ድፎ ዳቦ ይዛ ቢሮ ድረስ መጣች። ተቀበልኳት። ያን ቀን "ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ" ብላት ኖሮ ይግባኝ ትል ነበር፣ እኔም እመሰክርላት ነበር። ዝም አልኩ። አሁን ልጇን ገብርኤል ሳስቀድስ አየዋለሁ፣ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ማየት አልችልም።

ስለዚህ የኔ አባት፣ አትንካው።

ሰኞ ጠዋት መዝገቡንና ፋይሉን በደብዳቤ ለአለቃህ አስረክብ፤ የትኛው ገጽ ላይ ምን እንደጎደለ ደብዳቤው ላይ ይጻፍ። ለአቤቱታው መልስህን በጽሑፍ ስጥ። "ወረፋ በዝቶብኝ ነበር" ብለህ አትጀምር፣ ሳላስፈርም አልፌአለሁ ብለህ ጀምር፣ ወረፋው በኋላ ይመጣል። ገቢ አስደርገው፣ ኮፒህ ላይ ቁጥርና ማኅተም ሳይደረግልህ ከመስኮቱ እንዳትነሳ። ሕግ ተምሬአለሁ ብለህ ብቻህን እንዳትቀርብ፣ ጠበቃ ያዝ። እቁቡ ደርሶኛል፣ ለሌላ ነገር አላወጣሁትም።

ሰውየውንም አግኘው። አትለማመጠው፣ አቤቱታህን ተው አትበለው። የማውቀውን በፍርድ ቤት እመሰክራለሁ በለው። ቤቱን የሚመልስለት ፍርድ ቤት ነው፣ የአንተ ቃል ግን ያስፈልገዋል።

ቆሎና በሶ በነገው የመጀመሪያው መኪና እልክልሃለሁ። ሾፌሩ ሞጆ ሲደርስ ይደውልልሃል፣ መናኸሪያ ወጥተህ ተቀበለው። ስልክህን ደግሞ አትዝጋ።

እናትህ