የአባትሽ ስንደዶ

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ለአባትሽ ለቅሶ አልመጣሁም። ስልክ ደውዬ «ነፍስ ይማር» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ፤ ሀፍረቱ ደግሞ በቆየ ቁጥር እየከበደኝ ሄደ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ፊደል ያስቆጠሩን አባትሽ፣ የኔታ፣ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላሉኝ ነው። ዘንድሮ ሁለተኛ ክፍል ነው የያዝኩት። ከ52 ልጆች 11ዱ ማንበብ ይቸግራቸዋል። «ሰነፎች ናቸው» የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔ ግን አልቀበልም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የአገር ሲሶ ልጅ እንዴት ሰነፍ ይሆናል?

አንዷን ልንገርሽ። ከሀ እስከ ፐ እንደ መዝሙር ትወርደዋለች። «ቸ»ን ነጥዬ ሳሳያት ግን ዝም። ከንፈሯን ሳይ ለካ ከሀ ጀምራ በልቧ እየቆጠረች ነው! የያዘችው ተራውን ነው፤ ፊደሉን አይታው አታውቅም። ያኔ አባትሽ ትዝ አሉኝ። ለዚህ እኮ ነው አቡጊዳ ያስቆጠሩን። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ተራው ሲፈርስ ዓይን የግዱን ፊደሉን ያያል። እኔ ደግሞ ቅጣት ይመስለኝ ነበር።

ፊደል ለይቶም ገና ብዙ ይቀራል። «ገ… ና…» እያለ የሚነጥል ልጅ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚባለው አያውቅም። ጽሑፋችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አያሳይም። የሚነግረን ዓረፍተ ነገሩ ነው። ልጁ ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶታል። ሰዓት ይዞ «ቶሎ በሉ!» የሚል አስተማሪ አይቼ አዘንኩ። ልጆቹ ከድንጋጤ የተነሳ መገመት ጀመሩ።

እኔ አምስት ስድስት መስመር የሆነች ታሪክ እጽፋለሁ። መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፤ ጣታቸው ድምፄን ይከተላል። ከዚያ አብረን። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ለየራሳቸው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያቺው ናት። ይሰለቻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የቻሉትን መደጋገም እንዴት እንደሚወዱ ብታዪ! በቃላቸው ይዘውት እንዳይሆን ዓርብ ያንኑ ቃላት በሌላ ታሪክ ውስጥ አመጣቸዋለሁ። አባትሽም እኮ አንዱን መልእክተ ዮሐንስ በሦስት የንባብ ደረጃ፣ በግዕዝ፣ በውርድ፣ ከዚያ በቁም ንባብ ነው ያስወጡን። አንድ ጽሑፍ፣ ስንት ጊዜ!

ትናንት ያቺው ልጅ «እናቷ ገና ከገበያ አልተመለሰችም» የሚለውን አነበበች። «ገና»ን አጠበቀችው። ቆም አለች። ማንም ሳያርማት ተመልሳ አላልታ አነበበችው። ወጥቼ ኮሪደር ላይ አለቀስኩ።

ያቺ የፊደል ገበታ አለች? ፊደሉን የሚጠቁሙባት ስንደዷቸውስ? ካሉ አትጣያቸው። ለፋሲካ እመጣለሁ። ዘግይቼም ቢሆን ለቅሶ ልድረስ።

የአንቺው እህት