የዲጂታል ክለሳ ክበብ፦ የ2017 ዓ.ም ዘገባ

ተማሪዎችን በስልክና በኮምፒውተር እየጠየቀ ትምህርት የሚያስከልሰው ክበባችን ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቱን ያዘ። የኮሚቴ ምርጫውን፣ ስብሰባውን፣ ሰልፍ ላይ ያስነገርነውን ማስታወቂያ አልዘረዝርም፣ ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት በኋላ ላይብረሪ ጥግ ላይ እንደነበርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንዳንድ መምህራንም ወላጆችም ግን "ልጆቹን ጌም እያስለመዳችኋቸው ነው" ብላችሁናል፣ ስለሱ ማውራት አለብኝ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቻችን አያነቡም እንዳትሉኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነቡ አሉ። ችግሩ ሽምደዳው ነው፣ ደብተሩን አስሬ ሲያገላብጡት ያወቁት ይመስላቸዋል፣ ያላወቁትን የሚያውቁት ፈተናው ላይ ነው። እኛ የምናደርገው ፈተናው ሳይደርስ ደብተሩን አስዘግቶ መጠየቅ ነው።

መጀመሪያ ካሁት የሚባለውን የጥያቄና መልስ ጌም ሞከርን፣ ልጆቹ በጣም ወደዱት፣ ግን ለየተማሪው ስልክ ይፈልጋል፣ ስልክ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ክልክል ነው (ክልከላውን እኔም እደግፋለሁ)፣ ላብ ውስጥ የሚሰሩት ኮምፒውተሮችም 11 ብቻ ናቸው። በዛ ላይ ቶሎ የመለሰ ብዙ ነጥብ ስለሚያገኝ ረጋ ብሎ የሚያስበው ልጅ ይጎዳል። ከዛ ፕሊከርስ የሚባለውን መተግበሪያ አገኘን። እዚህ ስልክ የሚይዘው መምህሩ ብቻ ነው፣ ተማሪው ጥቁር ቅርጽ የታተመበት ወረቀት ይይዛል፣ መልሱ ቢ ነው ካለ የቢን ጎን ወደ ላይ አዙሮ ያነሳል፣ እኔ ካሜራውን ከዳር እስከ ዳር ሳዞረው የመለሰው አረንጓዴ የሳተው ቀይ ሆኖ ስልኬ ላይ ይወጣል። የየካርዱ ቅርጽ ስለሚለያይ ከጎን አይቶ መኮረጅ ከባድ ነው። ትልቁ ስብስብ 63 ካርድ አለው፣ ለኛ 58 ተማሪ ላለበት ክፍል በቂ ነው። መብራት ቢጠፋም ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እንቀጥላለን።

አንድ ረቡዕ ባዮሎጂ እየከለስን "ሰው ላይ ሚዮሲስ ካለቀ በኋላ አንድ ሴል ስንት ክሮሞዞም ይኖረዋል" ብዬ ጠየቅኩ (ሚዮሲስ ማለት የወንዱ ዘርና የሴቷ እንቁላል የሚገኙበት የሴል ክፍፍል ነው)። ካርዶቹ ተነሱ፣ ስልኬን አዞርኩ፣ ቀይ በቀይ ሆነ፣ አብዛኛው 46 ብሎ ነበር። ከኋላ ግን 17 ቁጥር ካርድ የያዘችው አረንጓዴ ሆነች። 17 ቁጥር ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት፣ ስም ስጠራ እንኳን "አቤት" የምትለው በሹክሹክታ ነው። ነይ አስረጂን አልኳት። ካርዷን ደረቷ ላይ እንደያዘች ወጣች፣ ጠመኔ አነሳች፣ ሰሌዳው ላይ 46 ሲደመር 46 ብላ ጻፈችና "እናትም አባትም 46፣ 46 ቢሰጡት ልጁ 92 ይኖረው ነበር፣ ስለዚህ 23 ነው" አለች። ክፍሉ አንድ አፍታ ዝም አለና ጭብጨባው ቀለጠ። እኔ ያንን ትምህርት ለስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፣ በዚህ መንገድ አስረድቼው ግን አላውቅም። ከዛ ሳምንት ጀምሮ የቴሌግራም ቻናላችንን የባዮሎጂ ጥያቄዎች የምታዘጋጀው እሷ ናት፣ ኩዊዙ ላይ ማን እንደሳተ ስለማይታይ የሚያፍር ልጅ የለም፣ ልጆቹ ማታ ቤታቸው በወላጅ ስልክ ነው የሚሰሩት።

ያልተሳካልንም አለ። የመጀመሪያዎቹን ካርዶች እንዳይቀደዱ ብለን በስኮች ሸፈንናቸው፣ ስኮቹ ብርሃን ሲመታው ስለሚያንጸባርቅ ካሜራው ማንበብ አቃተው፣ ሁሉንም እንደገና ሰራናቸው። የ9ኛ ክፍል ፕሮግራማችን ደግሞ በክፍል እጥረት ግማሽ ላይ ተቋረጠ። ጥቅምት ላይ የጠየቅነው የፕሪንተር ቀለም ሰኔ ድረስ አልመጣም፣ ሁለቴ ከኪሴ ነው ያሳተምኩት፣ ዳታውም የኔ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ጀምሮ በኦንላይንም እየተሰጠ ነው፣ ማውስ ይዘው የማያውቁ ልጆች ግን አሁንም አሉን፣ 11 ኮምፒውተር ለነሱ አይበቃም።

ለ2018 የምንለምነው ብዙ አይደለም፦ አንድ የፕሪንተር ቀለም፣ ሁለት ደስጣ ወረቀትና ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተር ላቡ ቁልፍ። ወላጆች ደግሞ ቤት ውስጥ የብስኩት ወይም የዘይት ካርቶን ካላችሁ አትጣሉት፣ በልጆቻችሁ ላኩልን፣ ካርዶቹን የምንለጥፈው እሱ ላይ ነው።