በደም ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ገዳይ አይባልም

ክቡር አዘጋጅ፣

በመኪና አደጋ ስለሞቱና በመኖሪያቸው ሞተው ስለተገኙ ሰዎች የምታወጧቸውን ዜናዎች እከታተላለሁ። ብዙዎቹ የሚቋጩት «በደሙ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ መገኘቱ ታውቋል» በሚል ዓረፍተ ነገር ነው። የቀረውን አንባቢው ራሱ ይጨርሰዋል፤ ሟቹም ተፈርዶበት ይቀበራል። በመርዝና በመድኃኒት ምርመራ ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝና፣ ያ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምን ያህል ጥቂት እንደሚናገር ላስረዳ።

በአልኮል በኩል ብዙ ክርክር የለም። ስዊድናዊው ኤሪክ ዊድማርክ አልኮል ከደም የሚወገድበትን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ሥራ በቀመር አስቀምጦታል፤ በአማካይ በየሰዓቱ ከአንድ ሊትር ደም 0.15 ግራም ገደማ ይቀንሳል። የትንፋሽ መመርመሪያውን የፈለሰፈው ሮበርት ቦርከንስታይን ደግሞ በአሜሪካዋ ግራንድ ራፒድስ ከተማ አደጋ የደረሰባቸውን አሽከርካሪዎች ካልደረሰባቸው ጋር አነጻጽሮ፣ መጠኑ ሲጨምር አደጋውም አብሮ እንደሚያሻቅብ እ.ኤ.አ. በ1964 አሳየ። ስለዚህ ስለ አልኮል ቁጥር ስትጽፉ ቁጥሩ ትርጉም አለው።

ይህንኑ መለኪያ ወደ ካናቢስ (ሐሺሽ) ስንወስደው ግን ነገሩ ይፈርሳል። የሚያደነዝዘው ውህድ ቲኤችሲ ከተጨሰ በደቂቃዎች ውስጥ በደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና በፍጥነት ያሽቆለቁላል፤ ድንዛዜው ግን አብሮት አይወርድም። በሌላ በኩል ውህዱ በስብ ውስጥ ስለሚከማች፣ አዘውትሮ የሚያጨስ ሰው ካቆመ ከቀናት በኋላም በደሙ ጥቂት ሊገኝበት ይችላል። በሽንት የሚታየው ቅሪትማ ለሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው አሽከርካሪ የደነዘዘ፣ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ደግሞ ንቁ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአንድ ሊትር ደም 2 ማይክሮ ግራም ቲኤችሲ በሕግ መወሰናቸውን አልቃወምም፤ ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት። መስመሩ የተሰመረው ግን ሕገወጥ ዕፅን ፈጽሞ ላለመታገሥ እንጂ የድንዛዜን ልክ ለማሳየት አይደለም።

ስለ ሕጋዊ መድኃኒቶች ዝም መባሉም ይገርመኛል። በአሜሪካ አዮዋ በመንዳት ማስመሰያ ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ዳይፈንሃይድራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት አነዳድን ከአልኮል ይበልጥ እንዳበላሸ አሳይቷል። ከዚያም የሚብሰው፣ ተሳታፊዎቹ የተሰማቸው እንቅልፍ አነዳዳቸው ምን ያህል እንደተበላሸ በቅጡ አለማመልከቱ ነው። በብዙ አገሮች ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ኪኒን ስለሆነ መሰለኝ ርዕሰ ዜና የማይሆነው።

ወደ ሟቾች ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ልብ መምታት ሲያቆም መድኃኒቶች ባሉበት አይረጉም። በጉበት፣ በሳንባና በልብ ጡንቻ ተከማችተው የነበሩት ወደ አቅራቢያው ደም መልሰው ይፈስሳሉ። ለድባቴ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንና የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን በዚህ የታወቁ ናቸው። ሐኪሙ ያዘዘውን ልክ በታማኝነት የወሰደ ሰው፣ ከሞተ በኋላ ከልቡ በተቀዳ ደም ሲመረመር ከመጠን በላይ የወሰደ ሊመስል ይችላል። ባለሙያዎች ደሙን ከጭን ደም ሥር መቅዳት የሚመርጡትም ስለዚህ ነው። ከየት እንደተቀዳ ያልተነገረለት ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው። አልኮልም ቢሆን በአስከሬን ውስጥ በረቂቅ ተሕዋስያን ሊመረት ይችላል፤ ባለሙያው ከዓይን ውስጥ ከሚቀዳ ፈሳሽ ጋር ሳያነጻጽር «ጠጥቶ ነበር» ለማለት አይቸኩልም። ጋዜጠኛው ግን ይቸኩላል።

መላመድም አለ። የዕፅ ሱሱን ለመተው ለዓመታት ሜታዶን ሲታከም የኖረ ሰው በየቀኑ የሚሸከመው መጠን፣ መድኃኒቱን ቀምሶ የማያውቀውን ሰው ሊገድል ይችላል። በአንጻሩ ያ ታካሚ ለወራት አቋርጦ ወደ ቀድሞው መጠን በአንድ ጊዜ ቢመለስ ያው መጠን ይገድለዋል። ከቤተ ሙከራ የሚወጣው ወረቀት ይህን ታሪክ አይዝም፤ ታሪኩን የሚያውቁት ያከሙት ሐኪሞች፣ ቤተሰቡና አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ናቸው።

«ምንም አልተገኘም» የሚለውም በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። ሞርፊንን ለመለየት የተሠራው የተለመደ የመጀመሪያ ደረጃ ምርመራ ፌንታኒል የተባለውን ኃይለኛ ሰው ሠራሽ የሕመም ማስታገሻ አያገኝም። ናይታዚን ከሚባሉት፣ እንደ ሞርፊን ከሚሠሩ ሰው ሠራሽ ውህዶች ብዙዎቹም፣ ቤተ ሙከራው ሆን ብሎ ካልፈለጋቸው ያልፉታል። የመጀመሪያው ምርመራ በተቃራኒውም ይሳሳታል፤ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችን አምፌታሚን የተባለው አነቃቂ ዕፅ ናቸው ሊል ይችላል። በዚህም ምክንያት ውጤቱ ውህዶችን በሞለኪውል ክብደታቸው በሚለየው በማስ ስፔክትሮሜትሪ እስኪረጋገጥ ድረስ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይባልም።

እንግዲህ ዘጋቢዎቻችሁ ፋርማኮሎጂ ይማሩ አልልም። ደሙ መቼና ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተቀዳ፣ ውጤቱ የመጀመሪያ ይሁን የተረጋገጠ፣ ሐኪሙ የሞት ምክንያት ብሎ የጻፈው ምን እንደሆነ መጠየቅ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። መልስ ካልተገኘ «ውጤቱ ገና ነው» ብሎ ማተም ነውር የለውም፤ የማረጋገጫ ምርመራ ሳምንታት ይወስዳልና። ሳምንታቱ አልፈው ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ዜና በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን አውጡት። እስካሁን በጋዜጣችሁ እንዲህ ሲደረግ አላየሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ