ለምወድሽ ልጄ

ልጄ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው «ሲከፋኝ እጄ ሳላስበው ወደ ምግብ ይሄዳል» ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ስላለ፣ በስልክ ተቻኩለን ከምናልፈው በጽሑፍ ልመልስልሽ ወሰንኩ።

የዓመቱ ሒሳብ በሚዘጋበት በሰኔ ወር እንዴት እንደምታመሺ ስለማውቅ፣ ነገሩን ሆዳምነት ነው ብዬ አልፈርድም። ሰው ለረጅም ጊዜ ሲጨነቅ ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ ይህም ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ እንዲያምረን ያደርጋል። እንቅልፍ ሲጓደል ደግሞ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምርና ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን ይቀንሳል። ስለዚህ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ማቀዝቀዣው ፊት ቆመሽ የቀዘቀዘ ፓስታ ከነድስቱ ስትበዪ ራስሽን «ደካማ» እያልሽ አትስደቢ።

የሆድ ረሃብ ቀስ እያለ ይመጣል፤ የተረፈ ሽሮ ቢያገኝም ደስ ይለዋል። ያ ብስኩት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ድንገት የሚነሣው ግን ብዙ ጊዜ ንዴት ወይም ብቸኝነት ነው። እንዲህ ሲሆንብሽ መጀመሪያ የተሰማሽን በአንድ መስመር ስልክሽ ላይ ጻፊና 10 ደቂቃ ያህል ቆዪ። ከዚያም ካማረሽ በሳሕን አውጥተሽ፣ ቁጭ ብለሽ ብዪው።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የማግስቱ ነገር ነው። ማታ አብዝተሽ ከበላሽ በነጋው ቁርሱንም ምሳውንም ትተሽ «ጾም ላይ ነኝ» እያልሽ ትውያለሽ። ጾም ከፈጣሪ ጋር የምንገናኝበት ነው፤ የትናንት እራት መቅጫ አታድርጊው። ደግሞስ ባዶ ሆዱን ውሎ፣ ደክሞትና ተናድዶ ቤቱ የገባ ሰው ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ቢበላ ምን ይገርማል? ማታ የፈለግሽውን ያህል ብትበዪ እንኳ ጠዋት ቁርስሽን ብዪ። በእውነት በምትጾሚበት ቀንም ስትፈቺ ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን በእንጀራ አድርገሽ በደንብ ብዪ እንጂ በሻይና በዳቦ አትለፊው። («ወፍረሻል» ማለት ሰላምታ የሚመስላቸውን አክስቶችሽን ለእኔ ተዪልኝ።)

ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም በየሳምንቱ ራስሽን መቆጣጠር እስኪያቅትሽ፣ ተደብቀሽ የምትበዪ ከሆነ ሐኪም ማየት አለብሽ። እንዲህ ያለው አበላል የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ ሰፍሯል፤ ከባለሙያ ጋር የሚደረግ የንግግር ሕክምናም ይረዳል። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ቀኑን ንገሪኝና አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ለዘመድ የምንነግረው ነገር የለም።

እናትሽ