የተያዘ ገንዘብ ቀን ይቆረጥለት

ይድረስ ለጅማ ከተማ አስተዳደር ንግድ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ በኦንላይን ተሽጦ ስለሚመለስ ዕቃ፣ ስለ ቅያሪና በአገናኝ ድርጅቶች እጅ ስለሚቆይ የሻጭ ገንዘብ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን ማመልከቻዬን ለመዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ይህን በአማርኛ የጻፍኩት ገዢዎቼና በየከተማው ያሉ ሻጭ ጓደኞቼም እንዲያነቡት ነው።

የጅማ በርጩማና ሌሎች የእንጨት ሥራዎችን በኦንላይን የምሸጥ፣ ፈቃድ አውጥቼ ግብር የምከፍል የከተማችሁ ነጋዴ ነኝ። ዕቃው እዚሁ ይጠረባል፤ ገዢው ግን አዲስ አበባ፣ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ነው ያለው። በመካከላችን ገዢ የሚያመጣልኝና ክፍያውን የሚቀበል አገናኝ ድርጅት አለ፣ ዕቃውን የሚያደርስ ዴሊቨሪ አለ። ሁለቱም ድርሻቸውን ቀድመው ይቆርጣሉ። ክርክር ሲነሳ ታግዶ የሚቀመጠው የእኔ ድርሻ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ለጊዜው መያዙን አልቃወምም። ሰው በዓይኑ ያላየውን ዕቃ ከማያውቀው ሻጭ ሲገዛ ብሩ በሦስተኛ ወገን እጅ ቢቆይ ደግ ነው። የቻይናው የኦንላይን ክፍያ ድርጅት አሊፔይ ሲጀመር ሥራው ይኸው ነበር፦ ገዢው «ደርሶኛል» እስኪል ክፍያውን ይዞ መቆየት፣ ከዚያ ለሻጩ መልቀቅ። የአሜሪካው የክፍያ ድርጅት ፔይፓልም የአዲስ ሻጭን ገንዘብ እስከ 21 ቀን ሊይዝ ይችላል፤ ዕቃው መድረሱ ከተረጋገጠ ቀድሞ ይለቀቃል። እዚያም ሻጮች ያማርራሉ፣ ግን ቢያንስ የሚቆጥሩት ቀን አላቸው። እኛ ዘንድ ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ነው። ጠራቢው ይህን መልስ አይቀበለኝም። ቅዳሜ ሲደርስ ሒሳቡን ይፈልጋል፤ እውነቱንም ነው።

አንድ ገዢ ባለፈው ክረምት ጠረጴዛ ከነበርጩማዎቹ ወሰደ። ከረከበ በኋላ ቀለሙ ፎቶው ላይ ካለው ጠቆር ብሏል አለ። አገናኙ ድርጅት ክፍያውን ያዘ። ዕቃው እንዲመለስ ግን ማንም ቀን አልቆረጠለትም፤ እንግዳ ሲቀመጥበት ከረመ። ስደውል «ገዢው መልስ አልሰጠንም» ይሉኛል። በመጨረሻ በአውቶቡስ ተጭኖ ሲመጣ የአንዱ በርጩማ እግር ተሰብሯል። የመመለሻው ጭነት ከእኔ ተቆረጠ፣ ኮሚሽኑም አልተመለሰም። እግሩ ገዢው ቤት ይሰበር መንገድ ላይ የጠየቀ የለም።

ችግሩ በደንብ የሚታየው ዕቃው ለምን እንደተመለሰ ሲለይ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይጠረባል፤ እግሩና መቀመጫው አይገጣጠሙም። እንጨቱ አብዛኛውን ጊዜ ዋንዛ ነው። በደንብ ሳይደርቅ ከተጠረበ ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ይደርቅና ይኮማተራል፣ ያኔ ይሰነጠቃል። ጅማ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ስንጥቁ አይቸኩልም፤ ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ግን ብቅ ይላል። ይህ የሻጭ ዕዳ ነው፤ መቀየር ወይም ገንዘብ መመለስ አለበት። መንገድ ላይ የተሰበረ ዕቃ የአጓጓዡ ነው። ፎቶውና ዕቃው ካልተመሳሰሉ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይበቃል። ሐሳቡን የቀየረ ገዢ ደግሞ ሌላ ነው። በአገናኙ መተግበሪያ ላይ ለእነዚህ ሁሉ ያለው አንድ ቁልፍ ነው፤ «ተመላሽ» ይላል። እሱ ሲነካ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን የእኔ ገንዘብ ይቆማል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። አዋጁ የሚናገረው ስለ ጉድለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦንላይን የገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ለገዢው ተብሎ በልክ የተሠራ ዕቃ ከዚህ ውጪ ነው። እኔ የሙሽሮች ስም የተቀረጸበት በርጩማ ተመልሶብኛል። ለማን ልሽጠው? ስማቸው የሚገጥም ሌሎች ሙሽሮች እስኪጋቡ ልጠብቅ?

የሻጭ ወገን ንጹሕ ነው ማለቴም አይደለም። ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብለው የሚለጥፉ፣ ቅሬታ ሲመጣ ገዢውን ብሎክ አድርገው የሚሰወሩ አሉ። አገናኞቹ ሁላችንንም በጥርጣሬ እንዲያዩን ያደረጉት እነሱ ናቸው። አዋጁ ለቴሌግራም የተለየ ፈቃድ አልሰጠም፣ ብትቆጣጠሯቸው ደስታዬ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በከተማችን ቅርንጫፍ ወይም ወኪል ያላቸው አገናኝና ዴሊቨሪ ድርጅቶች የያዙትን ክፍያ የሚለቁበትን ቀንና የያዙበትን ምክንያት ለሻጩ በጽሑፍ እንዲሰጡ በሰርኩላር አሳውቁልን። ቀኑ 10 ይሁን 15 መከራከር ይቻላል፤ ቀን የለሽ መሆኑ ግን ይቅር። ዕቃው ገዢው ጋ ባለበት ገንዘቡ ከተያዘ፣ ለገዢውም መመለሻ ቀን ይቆረጥለት። ቅሬታ ስናቀርብ ደግሞ የቴሌግራም ጽሑፋችንንና የቴሌብር መልእክታችንን «ማኅተም የለውም» ብላችሁ እንዳትመልሱብን። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም ይላል። ስክሪንሾት በቀላሉ እንደሚቀየር አውቃለሁ፣ የሐሰት የክፍያ ስክሪንሾት ስንት ሻጭ አቃጥሏል፤ ስለዚህ ባለሙያችሁ ስልኩን ራሱን ከፍቶ ይይ።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነ ድርጅት ከሥልጣናችሁ በላይ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ጉዳዩን ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በሸኚ ደብዳቤ ምሩልን። አንድ የበርጩማ ነጋዴ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ከሚያንኳኳ የእናንተ ደብዳቤ ቶሎ ይሰማል። ፈቃድ የሌላቸው ሻጮችን በተመለከተም አንድ ነገር ልጠቁም፦ ገንዘባቸው ሲያዝ ወደ እናንተ አይመጡም፣ የሚያዩት ቅጣት እንጂ እርዳታ አይደለምና። ፈቃድ ያለው ሻጭ ገንዘቡን ሲያስለቅቅ ቢያዩ ብዙዎቹ በራሳቸው ይመዘገባሉ ብዬ አምናለሁ።

የሽያጭ ደረሰኞቹን፣ ከአገናኙ ድርጅት ጋር የተጻጻፍነውንና የተሰበረውን በርጩማ ፎቶ ከማመልከቻዬ ጋር አያይዣለሁ። በርጩማው ራሱ ሱቄ ውስጥ አለ፤ ባለሙያ ከላካችሁ አሳያለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጅማ፣ የእንጨት ሥራ ውጤቶች ነጋዴ