ካርታ ላበደራችሁን የባሕር ዳር ሰዎች

ይድረስ ለባሕር ዳር ወዳጆቻችን፣ ይልቁንም ዓርብ ማታ በዚያ ዝናብ ካርታ በፌስታል ጠቅልላችሁ ለመጣችሁልን ሁሉ።

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ብሪጅ በተባለው የካርታ ጨዋታ ክበባችን አባላት ስም ነው። ቅዳሜ ያዘጋጀነው ውድድር በደህና አለቀ። ከአዲስ አበባና ከጎንደር የመጡት እንግዶቻችንም በሰላም ቤታቸው ገብተዋል። ደውለውልናል። ዓርብ ማታ «ይህን ደብዳቤ ትጽፋለህ» ያለኝ ሰው ቢኖር አላምነውም ነበር።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላውራው። ሰኔ ገና መግባቱ ቢሆንም የዓርቡ ዝናብ የነሐሴ ነበር የሚመስለው። በረዶም ነበረበት። ዕቃችንን ያስቀመጥንበት ክፍል ጣሪያ አፈሰሰ። ክፍሉ ሰፊ ነው፤ ውሃው የሚወርድበት ሌላ ቦታ አላጣም። መርጦ ካርቶናችን ላይ ወረደ። ስንከፍተው ካርታው ሁሉ ፍርፍር ሆኗል። የፕላስቲክ ቢሆን ኖሮ በጨርቅ ጠርገን እንጫወትበት ነበር። የእኛ የወረቀት ነው።

«ታዲያ አንድ ካርታ ገዝታችሁ አትጫወቱም?» የሚል አይጠፋም። ያን ማታም ብዙ ሰው ጠይቆናል። መልሱ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋልና ታገሡኝ።

ብሪጅ የአራት ሰው ጨዋታ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቧደናሉ፤ ጓደኛሞች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። 52ቱ ካርታ ይታደልና ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። ከዚያ ጨረታ ይከፈታል። «እኛ ከ13ቱ ዙር ይህን ያህሉን እናሸንፋለን» እየተባለ ከፍ ይደረጋል፤ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ሲጥሉ አንድ ዙር ነው። ጨረታውን ያሸነፈ ቃሉን መፈጸም አለበት። ካልፈጸመ ነጥቡ ለተቃራኒዎቹ ነው። ጓደኛው ደግሞ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋና ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዱሚ ይባላል። በክበባችን ይህን ቦታ አጥብቀው የሚወዱት ቡና የሚያምራቸው ሰዎች ናቸው።

ቤት ውስጥ ለመጫወት አንድ ካርታ ይበቃል። ውድድር ሲሆን ግን ዕድልን በተቻለ መጠን ማስወጣት ያስፈልጋል። አራቱም ኤስ የደረሰው ሰው ኮተት የደረሰውን «አሸነፍኩህ» ቢለው ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ በአንዱ ጠረጴዛ የታደለው ካርታ ሳይበወዝ፣ እንደታደለ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይሄዳል። ሁሉም ያንኑ ይጫወታል። የምትወዳደረው አጠገብህ ከተቀመጠው ጋር አይደለም። በሌላ ጠረጴዛ በአንተ ወንበር ተቀምጦ፣ የአንተኑ ካርታ ከያዘው ጋር ነው። እኛ አምስት ጠረጴዛ ነበረን። በየጠረጴዛው አራት የተለያየ እጅ፣ በድምሩ 20። እጅ የምንለው አንድ ጊዜ የታደለውን ሙሉ ካርታ ነው። ለ20 እጅ 20 ሙሉ ካርታ ያስፈልጋል። ዓርብ ማታ በእጃችን የነበረው ደረቅ ካርታ በአንድ አባላችን ቦርሳ ውስጥ የተረሳ አንድ ብቻ ነው።

አንዷ አባላችን ቴሌግራም ላይ «ካርታ ያላችሁ አበድሩን፤ ነገ ማታ እንመልሳለን» ብላ ጻፈች። ሰው ለሰው አስተላለፈው።

መጀመሪያ የደረሰው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነው። ተሳፋሪ ሲጠብቅ የሚጫወትበትን ካርታ ከፊት አውጥቶ ሰጠን። ያለ ሒሳብ ደግሞ ሽምብጥ ድረስ ሄዶ የጓደኛውን አመጣልን። ከዓባይ ማዶ አንድ አባትና ልጅ መጡ። ባጃጅ አጥተው 380 ሜትሩን አዲሱን ድልድይ በዚያ ዝናብ በእግራቸው ነው የተሻገሩት። ልጁ ካርታውን ጃኬቱ ውስጥ ደብቆት ስለነበር ከእሱ በቀር ሁሉ ነገሩ ረጥቧል። አንዲት እናት ደግሞ ሁለት ካርታ አምጥተው «ፈተና እስኪያልፍ እናንተው ዘንድ ይቆይልኝ፤ ለመመለስ አትቸኩሉ» አሉን። ልጆቻቸው ይህን ካነበቡ ጥፋቱ የእኛ እንዳልሆነ ይወቁልን።

ከሁሉም በላይ ያመጡት ግን የቀበሌ 14 ኮንከር ተጫዋቾች ናቸው። እነዚህ ልጆች ሁሌም ይስቁብናል። «እናንተ የምትጫወቱት ነው የምትፈተኑት?» ይሉናል። ያን ማታ ያላቸውን ሁሉ ሰብስበው መጡ። «ነገ ቅዳሜ እናንተ ምን ልትጫወቱ ነው?» ብንላቸው «እኛ እናወራለን» አሉ። ወንድሞቻችን፣ እግዜር ይስጥልን። ከእንግዲህ ኮንከርን የሚያናንቅ የክበባችን አባል ቢኖር ለእኔ ንገሩኝ።

ካርታ መሰብሰቡ ግን የሥራው ግማሽ ነው። ሰው ቤት የከረመ ካርታ ሙሉ አይሆንም። ሶፋ ሥር የገባ አለ፣ ሕፃን ያኘከው አለ፣ የሌላ ካርታ የተቀላቀለበትም አለ። ጀርባው አንድ ዓይነት ካልሆነ ደግሞ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እና የሰፈሩ ልጆች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው አንድ በአንድ ለዩት። ስፔድ ለብቻ፣ ኸርት ለብቻ፣ ዳይመንድ ለብቻ፣ ፍላወር ለብቻ፣ ሁሉም 13 13። አንዱ ካርታ የዳይመንድ 7 ጎደለው። የዚያኑ ካርታ ጆከር ወስደው በቀይ እስክሪብቶ 7 ጻፉበት። ውድድሩ ላይ ይህ ካርታ በወጣ ቁጥር አዳራሹ ይስቅ ነበር። ልጆች፣ ተባረኩ። የቤት ሥራችሁን ያን ማታ አለመሥራታችሁን ለወላጆቻችሁ አስረድተናል።

አሁን ደግሞ ስለተጫወትንበት ግቢ ባለቤት ልጻፍ። «ስሜን እንዳትጽፍ» ስላሉኝ እንደወትሮው እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ።

በእኛ አገር ካርታ የያዘ ሰው እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ። ካርታ ሲባል ቶሎ የሚመጣው ቁማር ነው። አይፈረድም፤ ቤት ያፈረሰ ቁማር ስንት አለ። እኛም ከዚህ በፊት ከምንጫወትበት ቦታ «ሰፈር ታሰድባላችሁ» ተብለን ወጥተናል። እትዬን አዳራሻቸውን ስንለምናቸው የክበባችን ዳኛ ጋሼ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1999 ለብሪጅ ፌዴሬሽን እውቅና እንደሰጠ አስረዷቸው። እትዬ አዳምጠው ሲያበቁ «ኦሎምፒኩ ይቆየኝ። ብር አለበት የለበትም?» አሉ። የለበትም አልን። ቢራስ? የለም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ትጨርሳላችሁ? አዎ። «እንግዲያው አንድ ቅዳሜ አጠገባችሁ ቁጭ ብዬ ልየው» አሉ።

ያዩት ነገር ሳይገርማቸው አልቀረም። ብሪጅ ላይ ለጓደኛህ በዓይንህ እንኳ ምልክት መስጠት ክልክል ነው። ማጉረምረም የለም፤ ማቃሰት የለም። መልእክት የሚተላለፍበት መንገድ ጨረታውና የምትጥለው ካርታ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰው እንዲህ ጸጥ ብሎ ሲያስብ አይተው «ቅዳሴ ላይ እንኳ እንዲህ ዝም አትሉም» አሉን። እውነታቸውን ነው። ዛሬ እትዬ ከክበባችን ጎበዞች አንዷ ናቸው።

እሳቸው ባይኖሩ ቅዳሜ የምንቀመጥበት አይኖርም ነበር። ምሳውንም ያበሉን እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። የሰኔ ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩና የሱፍ ፍትፍቱ ነበር። ዓሣም ቀርቧል። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፤ የበላ በልቷል።

ለልብስ ሰፊያችንም ምስጋና አለን። የታደለው ካርታ ሳይቀላቀል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚዞርበት መያዣ ያስፈልጋል። ውጭ አገር ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አለ። እኛ አራት ኪስ ያለው ጨርቅ አሰፋን፤ ኪሶቹ ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ተብለው ተጠልፈዋል። ሰፊው ከተራረፈ ጨርቅ ስለሠራው አንዱ ከአንዱ በቀለም አይመሳሰልም። እንግዶቹ በጣም ወደዱት። አንዳንዶቹ ይሸጥልን ብለዋል።

ስለ አቅጣጫ ካነሳሁ ላይቀር፣ አዳራሹ ጣና ዳር ነው። ሐይቁ ከከተማችን በስተ ሰሜን ስለሆነ የሰሜን ተጫዋች ለጣና ጀርባውን ይሰጣል። ጣናን ሲያይ የሚውለው ደቡብ የተቀመጠው ነው። ምሥራቅና ምዕራብ አራት እጅ ተጫውተው ባበቁ ቁጥር ጠረጴዛ ይቀይራሉ፣ ሰሜንና ደቡብ ግን ከቦታቸው አይነሱም። ይህን ሲሰሙ የአዲስ አበባ እንግዶች በሙሉ ደቡብ ካልሆንን አሉ። ጋሼ ዕጣ አወጡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሐይቁ ነፋስ ተነስቶ የዱሚውን ካርታ ከጠረጴዛው ላይ ያነሳ ጀመር። ያው ልጆች ጠጠር ለቅመው አመጡልን።

ወደ 10 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ነጥብ የምንደምርበት ኮምፒዩተር ባትሪው የቆየ ነው፤ ወዲያው ጠፋ። እዚህ ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ አዳነችን። ተጫዋች አይደለችም። ባሏን ልትወስድ ነበር የመጣችው። «ሕጉን ንገሩኝ» አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ሕጉ ቀላል ነው። በአንድ እጅ ከአንተ ያነሰ ላገኘ ለእያንዳንዱ ጥንድ 2 ነጥብ ታገኛለህ፤ እኩል ከሆናችሁ 1።

በ13ኛው እጅ ላሳያችሁ። እትዬና ጓደኛቸው፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኸርትን የሁሉ በላጭ አድርገው 12 ዙር እናሸንፋለን ብለው ተጫረቱ። በሌሎቹ አራት ጠረጴዛዎች ያንኑ ካርታ የያዙት በላጭ ሳይመርጡ 9 ዙር ላይ ቆመዋል። ተቃራኒዎቹ ጋ አምስት ኸርት ነበር። አምስት ካርታ ሦስት ለሁለት የመከፈል ዕድሉ ከመቶ 68 ገደማ ነው። ተከፈለላቸው። እትዬ 1430 አገኙ፤ ሌሎቹ 9 ብለው ቢጫረቱም 11 አሸንፈው ሁሉም 660። ስለዚህ ለእትዬ 8፣ ለአራቱ ጥንዶች 3 3። ድምሩ 20። የየትኛውም እጅ ድምር በአንድ ወገን 20 መሆን አለበት። ይህን የባንኳ እህታችን በደቂቃ ውስጥ ራሷ ደረሰችበት። ከዚያ አንዱ እጅ 19 ሲሆንባት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ይህ አይዘጋም» አለች። ወረቀቱ ተፈለገ፤ የተሳሳተ ቁጥር ተገኘ።  እኅቴ፣ ባልሽን ያን ያህል ስላስመሸነው ይቅርታ። አንቺን ግን በሚቀጥለው ጊዜም እንፈልግሻለን።

እትዬን «እንዴት 12 ደፈሩ?» ብለን ጠየቅናቸው። «ካርታው እያለ ምን ያስፈራኛል?» አሉ።

እንዲህ ባለው ውድድር በየወገኑ አንድ አሸናፊ አለ። በሰሜን ደቡብ የጎንደሮቹ፣ በምሥራቅ ምዕራብ የአዲስ አበባዎቹ አሸነፉ። ሽልማቱ የዘጌ ቡና ነበር፤ ገንዘብ እትዬ አይፈቅዱም። የባሕር ዳር ልጆች ሦስተኛ ወጥተናል፤ እንግዳ ተቀባይነት ነው ብለን ተጽናንተናል።

ጋሼን ማመስገን ከባድ ነው፤ ሲመሰገኑ ይቆጣሉ። በወጣትነታቸው መምህር ሳሉ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው የተማሩትን ጨዋታ ለእኛ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። የዛሬውን የነጥብ አቆጣጠር ቫንደርቢልት የሚባል አሜሪካዊ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1925 በመርከብ ላይ ሳለ እንዳወጣው ደጋግመው ያወሩልናል። ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ዳኙ። ወንበር ብናቀርብላቸው «ዳኛ ተቀምጦ ምን ያያል?» አሉ። ለጋሼ ከዚህ በላይ ብጽፍ ቅዳሜ ስለምንገናኝ እዚህ ላይ ላቁም።

እሑድ ጠዋት እንግዶቻችንን ወደ ዘጌ የወሰዱልን የጀልባ ሰዎችም ተመስግነዋል። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ እንደሚነሳ ስለሚያውቁ በማለዳ ቀስቅሰው ወሰዷቸው፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አሳይተው ነፋሱ ሳይጀምር መለሷቸው።

አሁን ወደ ካርታችሁ። አብዛኛውን እሑድና ሰኞ መልሰናል። የቀሩት እትዬ ግቢ አሉ፤ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ስለምንገኝ መጥታችሁ ውሰዱ። የዳይመንድ 7 የጎደለው ካርታ ባለቤት ከሆናችሁ ሌላ አዲስ ገዝተንላችኋል፤ አሮጌውን ግን ልጆቹ አንሰጥም ብለዋል። ጀርባው ላይ የቀይና ነጭ ዓሣ ሥዕል ያለበትን ካርታ ማን እንዳመጣው አልታወቀም። ባለቤቱን የምታውቁ ንገሩን።