የቀበሌው ምርጫ የት ደረሰ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፖለቲካ ሽግግርና ስለ አገራዊ ምክክር የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ሁሉም የሚያወራው ስለ ላይኛው ወንበር ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ ታችኛው፣ ስለ ቀበሌና ስለ ከተማ ምክር ቤት ነው።

ለእነዚህ ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ ድምፅ የሰጠነው ሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ዓመት ያልሞላት ልጄን አዝዬ ተሰልፌአለሁ፤ ትምህርቷ መሀል ላይ ባይቋረጥ ኖሮ ዘንድሮ ሚኒስትሪ በተፈተነች። አምስት ዓመቱ በ2010 ሲሞላ ምርጫው ተራዘመ፤ እንደ ተራዘመ ቀረ። በሰኔ 2013ም የተሰጠን ወረቀት የተወካዮችና የክልል ምክር ቤት ብቻ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት የተፈራረቁብንን ከንቲባዎች ስም በቅደም ተከተል መጥራት አልችልም። አንዱ ይመጣና የከተማችን ቦይ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚፈስ ሳያውቅ ይዛወራል። የሰፈራችን ሰዎች ለጌጠኛ ድንጋይ ንጣፍ ገንዘብ ካዋጣን ይህ ሦስተኛው ክረምት ነው። ደረሰኙ በእጃችን አለ፤ ገንዘቡን የተቀበለው ኃላፊ ግን የለም። ተተኪው «በእኔ ጊዜ የተደረገ አይደለም» አለን። እውነቱን ነው፣ በእርሱ ጊዜ አይደለም። እድራችን ግን አምና አራት ወንበር ስለ ጠፋ ብቻ ዳኛውን አውርዷል።

ቀበሌ በ1967ቱ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲቋቋም የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። ብዙም ሳይቆይ የመንግሥት ዐይንና ጆሮ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ መታወቂያ የሚታደስበት መስኮት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጠው ይላል። እኛ ጋ የደረሰው የመዋጮ ጥሪው ነው።

ጸጥታው ሳይሰክን ምን ምርጫ ትሉኝ ይሆናል። ጎጃም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህ አይጠፋውም፤ መንገድ በተዘጋ ቁጥር በጨውና በዘይት ዋጋ እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ሒሳብ ለማሳወቅ የምርጫ ሣጥን አያስፈልግም። የከተማው ምክር ቤት የሚሰበሰብበት ቀን ይነገረን፣ በሩም ይከፈትልን፤ የመዋጮው ገቢና ወጪ በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እኛም ደረሰኛችንን ይዘን እንመጣለን።

አንዲት የከተማ ነዋሪ፣
ከምሥራቅ ጎጃም